አጥንቴን ልጅ ያደረገው በሽታ

ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ ዕድሜያችሁን ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። ያውም ለአንድ ሐኪም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰበታ ላይ ለሁለት፣ ቡራዩ ላይ ለአንድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ለቡድናችን የጤና ባለሙያ። ያቺ ውሸት ልትገድለኝ ትንሽ ነበር የቀራት። ዛሬ ደህና ነኝ፤ ስለዚህ እየሳቅሁ ብጽፈው አትቀየሙኝ። ኳስ የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ግን ስቃችሁ ስታበቁ ልጁን አንዴ ቀና ብላችሁ እዩት።

በረከት እባላለሁ። ያደግሁት ሰበታ ነው። አባቴና እናቴ ከሆሳዕና አካባቢ ለሥራ መጥተው እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተዋወቁ። አባቴ እስከ ዛሬ እዚያው ማሽን ላይ ነው፤ እናቴ እኛ ከተወለድን በኋላ ፋብሪካውን ትታ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ቤት ተቀምጦ ሰው ሲፈልገው "የለም በሉ" የማያስብል ሰው ነው፤ እንግዳ ቢሰለቸው እንኳ ወጥቶ "ደክሞኛል፣ ነገ ና" ይለዋል።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ የትምህርት ቤታችን ቡድን ቡራዩ ሄዶ ሲጫወት አሰልጣኝ ጉተማ አዩኝ። የቡራዩ ሰው ኦቦ ጉተማ ይላቸዋል፤ እኛ ተጫዋቾቹ ኮች ነበር የምንላቸው። ጨዋታው እንዳለቀ በጣታቸው ጠሩኝ።

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"አሥራ አምስት።"

"ስንት?"

"አሥራ አምስት፣ ኮች።"

"እኔ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አልፈልግም። ስንት ዓመትህ ነው?"

ሦስተኛው ላይ ገባኝ። "አሥራ ሁለት" አልኩ።

"ጎበዝ! ማክሰኞ ልምምድ አለ" አሉኝ።

በእኛ አካባቢ የኳስ ዕድሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም እንደሚኖረው ሁሉ ኳስ ተጫዋችም የቤት ዕድሜና የኳስ ዕድሜ አለው፤ እንደ ኃጢአት የሚቆጥረው የለም። የልደት ምስክር ወረቀት ብዙ ሰው የሚያወጣው ካደገ በኋላ ስለሆነ ቀበሌው የተነገረውን ይጽፋል። አባቴ የጠዋት ተረኛ በሆነበት ቀን እናቴ ሄዳ መሰከረችልኝ። "ለአባትህ እኔው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" አለችኝ። ቀስ ማለቱን አላጣችውም፤ መንገሩን ግን ረሳችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበርኩ። ስምንት ቁጥር ለብሼ መሀል ላይ ቆሜ ኳስ አከፋፍል ነበር። ከእኔ በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር እየተጫወትኩ ጎበዝ አለመሆን ደግሞ አሳፋሪ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነገሩ ጀመረኝ። መጀመሪያ ድካም ነው። ጠዋት ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ የተሸከምኩ ይመስለኛል። ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ሆዴ ይደርቃል፤ ሦስት አራት ቀን መጸዳጃ ቤት አልሄድም። ቆዳዬ እንደ ገብስ ገለባ ሻካራ ሆነ፣ ድምፄም ጎረነነ።

ሰበታ ያለው የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ "ታይፎይድና ታይፈስ" አለኝ። እዚህ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ አለኝ። ቡራዩ ኮች የወሰዱኝ ደግሞ ደም ማነስ አለብህ ብሎ እንክብል ሰጠኝ፤ እናቴም ቀይ ሥር በጠዋት፣ ቀይ ሥር በማታ አደረገችው። እንክብሉ የደረቀውን ሆዴን ጨርሶ አደረቀው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄ ነው።

ሁሉም ሐኪሞች መጀመሪያ የጠየቁኝ ዕድሜዬን ነበር። ለሁሉም የኳስ ዕድሜዬን ነገርኳቸው። ኮች አጠገቤ ቆመው ነው፣ ወይም እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነው፤ ሌላ ምን ልበል? ደግሞ ውሸቱ ከጊዜ በኋላ ውሸት መሆኑ ቀርቶ ነበር። ስም ሲጠሩኝ "አቤት" እንደምለው ዕድሜ ሲጠይቁኝ "አሥራ አራት" እላለሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ሦስት ዓመት አንድ ሱሪ ነው የለበስኩት። ሱሪው አላጠረብኝም። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩን ልጆች ሱሪ ጫፍ ስትፈታና ስታረዝም ትውላለች፣ የእኔን አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። "የእኔ ልጅ ልብስ አያባክንም" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ሥራዋ ልኬት የሆነች ሴት ልጇ ማደግ ማቆሙን ያላየችው እሷም እውነተኛውን ዕድሜዬን ከልቧ አጥፍታ ነው። በወረቀቱ ላይ ልጅ ነኝ፤ ልጅ ደግሞ ወደፊት ያድጋል።

አሥራ ስምንት ሲሞላኝ፣ ማለትም በኳስ ዕድሜ አሥራ አምስት ስሆን፣ ትልቁ ዜና መጣ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተመረጡ ልጆች አንድ ቡድን ሆነው አውሮፓ ውስጥ በሚደረግ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ሊጫወቱ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች። አሰልጣኙ ኦቦ ጉተማ። ሱሉልታ ካምፕ ገባን።

ሱሉልታን የማታውቁ ካላችሁ፣ ብርዱ ገና በር ላይ ይቀበላችኋል። የሩጫ ሰዎች እዚያ የሚሄዱት ከፍታውን ፈልገው ነው። ለእኔ በሽታ የተመቸ መደበቂያ ሆነልኝ። ብርድ ብርድ ሲለኝ "ሱሉልታ እኮ ነው" ይሉኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ "ልምምዱ ነው።" ሆዴ ሲደርቅ "ፓስታው ነው።" ፊቴ ሲያብጥ "ካምፑ ተስማምቶሃል፣ ወፈርክ!" የቡድኑ የጤና ባለሙያ የልብ ምቴን ቆጥሮ በጣም ዝግ ያለ ሆኖ ሲያገኘው በደስታ ጮኸ። "ይሄ የሯጭ ልብ ነው! ኮች፣ ይምጡ እስኪ፣ ይሄን ልጅ ማራቶን ያስገቡት!" ልቤ እየደከመ መሆኑን ያወቀ አልነበረም። እኔም ኮራሁ።

አብሮኝ የሚተኛው በረኛችን ገመቹ ነበር፤ የሱሉልታ ልጅ፣ ረጅም፣ ሳቂታ። በወረቀት አሥራ አምስት፣ በቤት አሥራ ሰባት። ካምፑ ውስጥ ብርድ ልብሱን አውልቆ በእኔ ላይ ደርቦ በጃኬቱ የሚተኛ ልጅ ነው። ጠዋት "አከም ቡልቴ፣ ያ ሽማግሌው?" ይለኛል፣ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብዬ ስለምነሣ ነው ሽማግሌ የሚለኝ።

ከዚያ የሻምፒዮናው አዘጋጆች የእጅ አንጓ ምርመራ ያላለፈ አይመጣም ብለው ጻፉ። ምርመራው እንዲህ ነው፦ ከእጅ አንጓ በላይ ያለው አጥንት ጫፉ ላይ ልጅ እያለን የማደጊያ መስመር አለው፤ ሰው ሲጎለምስ ይዘጋል። አዲስ አበባ ወስደው እጃችሁን ኤምአርአይ የሚባል ትልቅ ማሽን ውስጥ ያስገቡና መስመሩ ክፍት መሆኑን ያያሉ። ቀበሌን መዋሸት ይቻላል፣ ለአጥንት ግን ማን ይመሰክርለታል?

ስሄድ እንደምወድቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ቦርሳዬን ጠቅልዬ ነው የሄድኩት። ውጤቱ ሲመጣ ከመካከላችን አምስት ልጆች ወደቁ፤ አንዱ ካፊቴሪያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኮች የእኔን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከሁሉም ልጆች አጥንት የእኔ ነበር ትንሹ። ከአሥራ አራትም አይበልጥም ይላል።

"አጥንትህ ይባረክ!" ብለው አቀፉኝ።

እኔ ተአምር ነው ያልኩት። እናቴም ስደውልላት በስልክ እልል አለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወጥታ ልትመሰክር አስባ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ ግን እንዴት ብላ እንደምትመሰክር ጠፋት። ጌታ የልጄን የሐሰት ዕድሜ አሳለፈልኝ ተብሎ አይመሰከርም። አባቴ ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ከምርመራው በኋላ ባለው ሳምንት ባሰብኝ። አንድ ጠዋት ገመቹ ቢቀሰቅሰኝ ቢቀሰቅሰኝ አልነቃሁም። ስነቃም ምላሴ የተሳሰረ ነበር። ኮች የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጥተውኝ ሦስት ታክሲ ቀይሬ ሰበታ ገባሁ። እናቴ ወንድሟ ሞቶባት ሆሳዕና ለቅሶ ሄዳለች። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰደኝ አባቴ ሆነ።

የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ካርድ ክፍሉ ጋ አባቴ ሲሰለፍ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ፀሐይ ነው፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። አጠገቤ የነበሩ እናት አዩኝና የጋቢያቸውን ግማሽ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። ለሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ጋቢ ውስጥ ከማላውቃቸው ሴት ጋር ተቀመጥኩ። እግራቸውን ነበር የሚያማቸው። ተራቸው ሲደርስ ጋቢውን ሙሉውን ትተውልኝ ገቡ፣ ሲወጡ ወሰዱት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ካርዱን አየችና እኔን አየች፤ ደግማ ካርዱን አየች።

"አሥራ ስምንት ይላል። ተሳስተው ጽፈውት ነው?"

"አዎ" አልኩ ቶሎ ብዬ። "አሥራ አምስት ነኝ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ምንድን ነህ?"

"አሥራ..." አልኩና ዋጥኩት።

"ዶክተር፣ ይሄ ልጅ አሥራ ስምንት ሞልቶት አሥራ ዘጠኝ ይዟል። አባቱ ነኝ። እናቱን ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።"

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "አባት፣ እርስዎም አንተም ስሙኝ። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ግን ይሄ ቁጥር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አሥራ አምስት ከሆነ ትንሽ አጠር ያለ ልጅ ነው፤ ይደግ ብዬ እሸኘዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ የያዘ ከሆነ ግን ታሟል። ከታመመም ቆይቷል። የቱ ነው?"

 ያን ጊዜ የታየኝ ሻምፒዮናው ነው፤ አውሮፕላኑ፣ መለያው፣ ስምንት ቁጥሩ። ከዚያ የአባቴን ፊት አየሁ። "አባቴ እንዳለው ነው" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቶሎ ቶሎ ሄደ። አንገቴን ዳበሰች፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታች፤ እግሬ ዘግይቶ ነው የመለሰላት። ሱሪህ መቼ ነው የተገዛው ብላ ጠየቀችኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሐኪም ሰምቼ አላውቅም። ደሜን ወሰዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፤ የታይሮይድ ዕጢ ድካም። አንገት ሥር ያለች፣ እንቅርት የሚወጣባት ዕጢ ናት። "እንቅርት እኮ የለብኝም" አልኳት። ሳታብጥም ትደክማለች አለችኝ። የሰውነትን ሙቀት፣ ጉልበት፣ ዕድገት የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። "ሰውነትህ ከሰል ያለቀበት ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ነው" አለችኝ። አጥንቴ ልጅ የመሰለው በዚህ ነው። መስመሩ ያልተዘጋው አጥንቴ ማደጉን አቁሞ ስለተኛ ነው። ተአምር ያልነው በሽታው ነበር።

መድኃኒቱ አንዲት ትንሽ ክኒን ናት፤ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። እስከዚያ ከወሰድኩት መድኃኒት ሁሉ ትረክሳለች። ልቤ ስለደከመ በትንሹ ጀምረን ቀስ እያልን እንጨምራለን አለችኝ።

በባጃጅ ተመለስን። ሠፈር ስንደርስ አባቴ ወርዶ ቆመና "ሦስቱን ዓመት የት ወሰዳችኋቸው?" አለኝ።  እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ እሱና እሷ ለወራት ከ"ብላ" እና ከ"በልቻለሁ" በቀር አልተነጋገሩም። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የስፌት ማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ ማታ ማታ "እኔ ነኝ ያሳመምኩህ" እያለች ታለቅሳለች። አይደለም። ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ። ውሸቱ በሽታውን አላመጣውም፤ ደበቀው እንጂ። መደበቁ ግን ይበቃል።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ክኒኑን ይዤ ካምፕ ተመለስኩ። ለኮች ሁሉን ነገርኳቸው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ይሄ ክኒን አጥንትህን ያሳድገዋል?"

"አዎ፣ ኮች።"

"እዚያ ስንደርስ ድጋሚ ይመረምራሉ። ውድድሩ ሁለት ወር ነው የቀረው። ሦስት ዓመት የታገሠ ሰው ሁለት ወር ያቅተዋል? ስንመለስ ትጀምረዋለህ። እኔ ራሴ ነኝ የማሳክምህ።"

ክፉ ሰው አይደሉም። የማንንም ልጅ ገንዘብ በልተው አያውቁም፤ ካልሲያችንን ራሳቸው ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ። ክኒን ለሁለት ወር ማዘግየት ለእሳቸው አንድ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን አስሮ እንደመጫወት ያለ ነገር ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ፈልጌ ነው እሺ ያልኩት፤ በእሳቸው አላላክክም። በዓለም ላይ ለሻምፒዮናው የሚያበቃኝ ነገር በሽታዬ ብቻ ነበር፤ ከዳንኩ እቀራለሁ።

ክኒኑን በካልሲ ጠቅልዬ ከፍራሹ ሥር አስቀመጥኩት። አባቴ በየቀኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ይደውላል። "ወሰድክ?" "ወሰድኩ።" የማይዋሸውን ሰው አሥራ ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ዋሸሁት።

በሃያኛው ቀን ከሱሉልታ ወጣቶች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ኳስ መጣችልኝ፤ አየኋት፣ የት እንደምሰጣት አውቄያለሁ፣ እግሬ ግን አልመጣም። ሳሩ ላይ መቼ እንደተጋደምኩ አላስታውስም። ገመቹ ከጎሉ ሮጦ መጥቶ "ያ በረከት! ጀባዹ፣ ጀባዹ!" ይላል፤ በርታ ማለቱ ነው፤ እሱ ራሱ እያለቀሰ። የጤና ባለሙያው የልብ ምቴን እየቆጠረ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ በቁጥር መሀል ብዙ ዝም ይላል። የሯጭ ልብ የሚል ሰው ያን ቀን አልነበረም።

በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባሁ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ከጎኔ ያሉት አልጋዎች ላይ የተኙት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ አዋቂዎች ክፍል ነው የተኛሁት፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው እውነተኛው ዕድሜዬ ነዋ። አባቴ መጣ። ነርሷ ክኒኑን ስንት ቀን እንደወሰድኩ ስትጠይቀኝ እሱ ፊት "አንድም ቀን" አልኩ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ውሃ ቀድቶ ሰጠኝና ክኒኗን እስክውጥ ቆሞ አየኝ። ከዋጥኩ በኋላም አፌን ክፈት አለኝ፤ እንደ ሕፃን ከፈትኩለት።

በሁለተኛው ቀን ኮች ብርቱካን ይዘው መጡ። አባቴ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ሁለቱ ሲተዋወቁ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

"ኮች፣ አልሄድም" አልኳቸው። "አሥራ ዘጠኝ ሊሞላኝ ነው ብዬ በጽሑፍ አስታውቄ እወጣለሁ።"

"ከጻፍክ ቡድኑን ሁሉ ይጠራጠራሉ" አሉ ቀስ ብለው። "የአሥራ ስድስት ተጫዋቾች ዕድል ነው በረከት።"

ይሄ ነበር ያስጨነቀኝ። ለራሴ መውጣቱን ወስኜ ነበር፤ በገመቹ ተስፋ ላይ መወሰን ግን መብቴ አልነበረም። አባቴ ጣልቃ ገባ። "ኦቦ ጉተማ፣ እሱ የሚጽፈው የራሱን ነው። የሰው ዕድሜ አያውቅም። እኔም የማውቀው የልጄን ብቻ ነው" አለ።

ኮች የጻፍኩትን ወረቀት ከእጄ ተቀብለው አነበቡት። በሕመምና ዕድሜዬ በማለፉ ከቡድኑ ወጥቻለሁ የሚል ሁለት መስመር ነው። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙበት። ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ።

ቡድኑ ሄደ። የፈራነው አልደረሰም፤ በእኔ ቦታ አንድ የቡራዩ ልጅ ገባ። አንድ አሸንፈው ሁለት ተሸንፈው ከምድባቸው ወጡ። ገመቹ የጨዋታውን ቪዲዮ በስልክ ሲልክልኝ አየሁት፤ ኳስ የማያየው አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ "አንተ ብትኖር የት ነበር የምትቆመው?" ይለኛል። በጣቴ አሳየሁት። ሦስተኛው ጎል ሲገባብን አለቀስኩ። አባቴ "ስለተሸነፉ ነው ወይስ ስላልሄድክ?" አለኝ። "ለሁለቱም" አልኩት። "እሺ፣ ለሁለቱም አልቅስ" ብሎ ተቀመጠ።

መዳን እንደ ዝናብ አይመጣም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም የለም፤ እንዲያውም ክኒኗ ውሸት ናት ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል፣ አታቁሙ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት ደጅ ቁጭ ብዬ ጃኬቴን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁት አላሰብኩም፤ ሞቀኝ ነው። እናቴ ከመስኮት "ብርድ ይመታሃል!" ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ራሷ ምን እንዳለች ገብቷት አፏን ይዛ ቀረች። አባቴ ጋ ሄዳ "ሞቆታል እኮ" አለችው። ከ"ብላ" ሌላ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ነው መሰለኝ።

የፊቴ እብጠት ጎደለ። ድምፄ ጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ወፈረ። አጥንቴ ያን ጊዜ ከእንቅልፉ ነቃ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እናቴ የሱሪዬን ጫፍ አራት ጊዜ ፈታችው፣ ከዚያ የሚፈታ ጨርቅ አለቀባት። እንደ ወንድሞቼ ረጅም አልሆንኩም፤ ዶክተሯ ቀድመህ መጥተህ ቢሆን ኖሮ የሚጨመር ነበረው አለችኝ። ለሻምፒዮና የሚሆን ተጫዋችም አልሆንኩም። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የአባቴ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ እፈትሻለሁ፣ እሁድ እሁድ ለፋብሪካው ቡድን እጫወታለሁ፤ እዚያ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ጠዋት ክኒኔን እውጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ቁርሴን እበላለሁ።

ልጃችሁ ከእኩዮቹ ጋር ሲያድግ ቆይቶ ድንገት ከቆመ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ሆዱ ከደረቀ፣ እንቅልፍ ካልጠገበ፣ የደም ምርመራ አለ፤ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን እውነተኛውን ዕድሜ ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀት ላይ የፈለጋችሁትን ብትጽፉ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ የሐኪም ጠረጴዛ ላይ ግን እባካችሁ።

ገመቹ አሁን አንድ ክለብ ውስጥ በረኛ ነው። በክለቡ መዝገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሥራውም እንጀራውም በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ባለፈው ወር ደወለልኝ። ሲሮጥ ደረቱን ይይዘዋል፤ ለማንም አልተናገረም፣ ክለቡ እንዳያውቅ ፈርቷል። ሲታመም የሚደውለው ለእኔ በመሆኑ ደስ አለኝ፤ ሱሉልታ ሄጄ ወደ እኛው ሆስፒታል ይዤው መጣሁ። ያ ሁሉ ርዝመቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ታጥፎ ተራውን ጠበቀ። ስንገባ ነርሷ አንገቷን መዝገቡ ላይ ደፍታ ስሙን ጻፈች።

"ዕድሜ?"

ገመቹ ዞር ብሎ አየኝ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "ኢሳ ከም?" አለኝ፤ የቱን ልንገራት ማለቱ ነው።

"እናትህ የምታውቀውን" አልኩት።

 እጁን ሲያፋትግ አየሁት፣ ቅጣት ምት ሊመታበት እንዳለ በረኛ። "ሃያ አንድ" አለ።

ነርሷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ጻፈችው።